ወደ ቤታችን የገባው ገበያ

የአገራችን ገበያ ከጥንት ጀምሮ ቦታና ቀን ነበረው። የቅዳሜው ገበያ ቅዳሜ ይቆማል፤ የሐሙሱም ሐሙስ። የቤት እመቤት የሚያስፈልጋትን በልቧ አስባ፥ ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች። ጤፉን በእጇ ዘግና፥ ቅቤውን አሽትታ፥ የበርበሬውን መልክ አይታ፥ በዋጋው ተከራክራ ትገዛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ገበያውም በስተኋላዋ ይቀራል። ቤት ቤት ነው፥ ገበያም ገበያ ነው።

በዘመናችን ግን ይህ ድንበር ፈርሷል። ገበያው በእጅ ስልክ አማካይነት ደጃፋችንን አልፎ ከማዕዳችን አጠገብ ተቀምጧል፤ ከመኝታችንም ራስጌ ያድራል። ቀንም ሆነ ሌሊት አይዘጋም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ብዙዎቻችን ገበያ ውስጥ መቀመጣችንን እንኳ አለማወቃችን ነው። ከወዳጅ ጋር የምንጨዋወት፥ የዘመድ ፎቶግራፍ የምናይ፥ ወሬ የምንሰማ ይመስለናል። ስለዚህ ማኅበራዊ መገናኛ የተባለው ነገር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ፥ ለሻጭም ለገዥም ምን ትርጉም እንዳለው፥ በተለይም ለቤተ ሰብ ምን እንደሚያመጣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ወደድን።

በመጀመሪያ ስፋቱን እንመልከት። ፌስቡክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ፥ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። በ2012 የተጠቃሚዎቹ ቍጥር 1 ቢሊዮን ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ ከ3 ቢሊዮን አለፈ። ዩቲዩብ በ2005፥ ኢንስታግራም በ2010፥ ቴሌግራም በ2013 ተከተሉ። ከሁሉ በኋላ የመጣው ቲክቶክ በ2021 የ1 ቢሊዮን ተጠቃሚዎች ባለቤት መሆኑን አስታወቀ። በ2024 መጀመሪያ በመላው ዓለም በእነዚህ መገናኛዎች የተከፈቱት አካውንቶች ከ5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት አካውንት ሊኖረው ስለሚችል ይህ ቍጥር የሰው ቍጥር ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ከሰው ልጅ እኩሌታ የሚበልጠው በዚህ አደባባይ እንደሚውል ያመለክታል።

በአገራችን ያለው ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያው በ2024 መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተቈጠሩት ተጠቃሚዎች ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ነበሩ፤ ይህም ከመቶው ሰው አምስት ወይም ስድስት ቢሆን ነው። ከእነዚህም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ነጋዴ ሁሉ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። «ሕዝቡ ሁሉ በፌስቡክ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ በቲክቶክ ነው» የሚለው አነጋገር ለከተማው ወጣት እውነት ሊመስል ይችላል፤ ለገጠሩ ገበሬ፥ ለሸማኔው፥ ለአረጋዊቷ እናት ግን እውነት አይደለም። ለእነርሱ ዛሬም ራዲዮ፥ የጎረቤት ምስክርነትና የገበያው ቀን ይበልጣሉ። ማስታወቂያውን በስልክ ብቻ የሚያስነግር ሰው ለአብዛኛው ሕዝብ አልተናገረም።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። እነዚህ መገናኛዎች ለተጠቃሚው በነጻ ይሰጣሉ። ታዲያ ይህን ያህል ታላቅ ሥራ በምን ገንዘብ ይቆማል? መልሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1833 ቤንጃሚን ደይ የተባለ አሳታሚ በኒውዮርክ ከተማ «ሰን» የተባለ ጋዜጣ አቋቁሞ፥ ሌሎቹ በስድስት ሳንቲም የሚሸጡትን እርሱ በአንድ ሳንቲም ሸጠ። ጋዜጣውን በርካሽ ሰጥቶ፥ የአንባቢዎቹን ብዛት ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች ሸጠ። ራዲዮና ቴሌቪዥንም በኋላ በብዙ አገር በዚሁ መንገድ ሄዱ። የፌስቡክ፥ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት የሆነው ሜታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያገኘው ገቢ ከ134 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ከ131 ቢሊዮን የሚበልጠው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ከመቶው ወደ ዘጠና ስምንት የሚጠጋው ማለት ነው። እንግዲህ ለኩባንያው ደንበኛው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው፤ በሚዛን ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ደግሞ የእኛው የተመልካቾቹ ጊዜና ልብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በአዲስ አበባ የሕፃናት ልብስ ትሰፋለች እንበል። ማስታወቂያዋ በከተማው ለሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 40 ለሆነ፥ አማርኛ ለሚያነቡ ሰዎች እንዲታይላት በትንሽ ገንዘብ ታዝዛለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ስልኩን በከፈተ ቍጥር በዐይን ጥቅሻ ውስጥ ሐራጅ ይካሄዳል፤ ለዚያች ቦታ ብዙ አስነጋሪዎች ይወዳደራሉ። የሚያሸንፈው ግን ብዙ የከፈለው ብቻ አይደለም። መሣሪያው ያ ሰው ማስታወቂያውን አይቶ አንድ ነገር የማድረግ ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገምታል፤ ግምቱንም ከዋጋው ጋር ያመዛዝናል። ይህን ለመገመት የሚጠቀመው እኛ ያየነውን፥ የወደድነውን፥ የጻፍነውንና ቆም ብለን የተመለከትነውን ሁሉ ነው። በአጭሩ፥ የጥንቱ ነጋዴ ደንበኛውን በፊቱ መልክ ያውቀው ነበር፤ የዛሬው መሣሪያ በልማዱ ያውቀዋል።

ልብ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ልብን ረዥም ጊዜ መያዝ ትርፍ ያመጣል። ስለዚህ ገጾቹ የተሠሩት እንድንቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ መጨረሻ የሌለውን ገጽ፥ ይኸውም ወደ ታች ቢጎትቱት የማያልቀውን፥ አሰናዳ፤ በኋላም በዚህ ሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። በ2009 ፌስቡክ «ወደድኩት» የምትለዋን ምልክት ጨመረ። መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ እንግዳም «በሉ ደኅና እደሩ» ብሎ ይነሣል። ይህኛው እንግዳ ግን ከቶ አይነሣም። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ሲያመሹ፥ ልጅ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፥ ለዚያች ሰዓት በሌላ አገር ዋጋ ተከፍሎባታል ማለት ነው።

ይህን ስንል ነገሩ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ለትንሹ ነጋዴ የተከፈተለት በር እጅግ ታላቅ ነው። ቀድሞ በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ማስነገር የታላላቅ ድርጅቶች ሥራ ነበር። ዛሬ በርበሬ የምታስፈጭ፥ ሽሮ የምታዘጋጅ፥ ጥልፍ የምትጠልፍ እናት የቴሌግራም ገጽ ከፍታ፥ ፎቶግራፍ አንሥታ፥ የስልክ ቍጥሯን ጽፋ፥ ከማታውቀው ሰፈር ደንበኛ ልታገኝ ትችላለች። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ካስጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍያው በስልክ ሊፈጸም ይችላል፤ ዕቃው በሞተር ብስክሌት ይላካል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ልጅ ለበዓል ለወላጆቹ በግና ዳቦ ከዚያው ሆኖ አዝዞ ያደርሳል። ሱቅ ለመከራየት አቅም የሌለው ሰው እንጀራውን በዚህ ሲያገኝ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

ነገር ግን በዚህ ገበያ የሚሸጥ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቀማል። አንደኛ፥ የተከታይ ብዛት የገዥ ብዛት አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሐሰት አካውንቶችን መሰረዙን ራሱ አስታውቋል። ተከታይን በገንዘብ የሚገዛ ነጋዴ ሱቁን በአሻንጉሊት እንደ ሞላ ሰው ነው፤ ግርግሩ ይታያል እንጂ የሚገዛ የለም። ሃያ እውነተኛ ደንበኞች ከሃያ ሺህ ባዶ ስሞች ይበልጣሉ።

ሁለተኛ፥ ገጹ የተከራየነው ቦታ እንጂ ርስታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ደንበኞቹን በዚያ ብቻ የሚያውቅ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቀን ሱቁም ደንበኛውም ይጠፉበታል። ስለዚህ የደንበኛን ስምና ስልክ፥ በፈቃዱ፥ በደብተር መመዝገብ አሮጌ ግን ብልህ ልማድ ነው።

ሦስተኛ፥ ንግድ በመታመን ይቆማል። በአገራችን አንዳንድ ሻጮች የዕቃውን ፎቶግራፍ አውጥተው ዋጋውን ይሸሽጋሉ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ይጽፋሉ። አንዳንዶችም ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ያማረ ፎቶግራፍ አሳይተው ሌላ ዕቃ ይልካሉ። የመጀመሪያው ገዥውን ያጠራጥረዋል፤ ሁለተኛው ያታልለዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን፥ የዕቃውን እውነተኛ ጠባይ እንዲገልጽና የሌላውን ዕቃ እንዳያንኳስስ ያዝዛል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ልብ የሚፈርደው ይህንኑ ነው። የዕቃህን ፎቶግራፍ ራስህ አንሣ፤ ዋጋውን በግልጥ ጻፍ፤ ጉድለቱን አስቀድመህ ተናገር፤ የተበላሸውን መልሰህ ተቀበል። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዥ ለመቶ ሰው ይናገራል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ለመቶ ሺህ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። ታዋቂ ሰው አንድን ሳሙና ወይም አንድን ምግብ ሲያመሰግን ብንሰማ፥ ከልቡ ነውን ወይስ ተከፍሎት? በአሜሪካ የንግድ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በበይነ መረብ የሚጽፉ ሰዎች ለምስጋናቸው ዋጋ ከተቀበሉ ይህንኑ እንዲገልጹ መመሪያ ሰጥቷል። ምክንያቱም ማስታወቂያ መሆኑ የታወቀ ማስታወቂያ ቢያባብል እንጂ አይሸሸግም፤ እንደ ወዳጅ ምክር ተመስሎ የሚመጣው ግን በጓዳ በር የሚገባ ነው። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሕፃናትን በተመለከተ ጥንቃቄው ሊበረታ ይገባል። ሕፃን ጨዋታንና ማስታወቂያን ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ይህን በመረዳት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ፥ የልጆችን የግል መረጃ ተከትሎ ማስታወቂያ ማነጣጠርን ከልክሏል። አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 ባወጣችውና ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፥ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች በታላላቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው አግዳለች። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል። ነገር ግን ሕግ በቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ አይቆጣጠርም። ይህ የአባትና የእናት ድርሻ ነው።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ ምን ምክር እንስጥ? ጥቂት ቀላል ነገሮች ይበቃሉ። ማዕድ ሲቀርብ የሁሉም ስልክ፥ የአባትም ጭምር፥ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ፤ ልጅ የሚማረው ከቃል ይልቅ ከምሳሌ ነውና። በስልክ ያየነውን ዕቃ ዛሬውኑ አንግዛ፤ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋትም የምንፈልገው ከሆነ እንግዛው፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍላጎቱ ከሌሊቱ ጋር ሲያልፍ እናገኘዋለን። ዕቃውን ሳናይ ገንዘብ አንላክ፤ «ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» ይባላልና። ከልጆቻችንም ጋር አብረን ተቀምጠን፥ «ይህን ያሳየን ማን ነው? ማን ከፈለበት? ከእኛስ ምን ይፈልጋል?» እያልን እንጠይቃቸው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የለመደ ልጅ፥ ነገ ምን ዐይነት አዲስ መሣሪያ ቢመጣ በቀላሉ አይታለልም።

ነጋዴ ለዕቃው ገዥ መፈለጉ የተገባ ነው፤ የእኛም ወንድሞችና እኅቶች በዚሁ ሥራ ይኖራሉ። የሚገባው ግን ገበያ በልኩ፥ ቤትም በክብሩ እንዲቆም ነው። በስልክ መስኮት የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በሌላ ይተካል። ለልጅ ያልሰጠነው ጆሮ፥ ለትዳር ጓደኛ ያልሰጠነው ምሽት፥ ለአረጋዊ ወላጅ ያልሰጠነው ጨዋታ ግን በየትኛውም ገበያ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ገንዘባችንን ስናወጣ የምንጠነቀቀውን ያህል፥ ጊዜያችንን ስናወጣም እንጠንቀቅ። ባለ ስልኩ እኛ ነንና፥ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የመወሰኑ ሥልጣንም በእጃችን ነው።