በክረምት ወራት ስለ በጎች ጉረኖ አሠራር

ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋ፥ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናሙና ብርዱ ይበረታሉ። ባላገሩም ለበጎቹ ከማዘኑ የተነሣ የጉረኖውን ቀዳዳ ኹሉ በጭቃ ይደፍነዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠጕር የለበሰውን በግ ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ እንደሚጎዳው ሹማምንት ሊያስረዱት ይገባል። በተደፈነ ጉረኖ ከሽንትና ከበጠጥ የሚነሣው ዐይን የሚያቃጥል ሽታ ሳንባን ያደክማል፤ ሳልና የሳንባ ምች ይከተላል። ሰኰናውም በእርጥብ ወለል ላይ ሲያድር ለስልሶ ይቆስላል።

ስለዚህ ጉረኖው በረባዳ ስፍራ አይሠራ፤ በላይ በኩል የጎርፍ መመለሻ ቦይ ይቆፈርለት። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ግድግዳው በደንብ ይመረግ፤ ከጣራው ሥር ግን እንፋሎቱ የሚወጣበት አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተው። እንጨት ያለው ሰው ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ በርብራብ ቢሠራው ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል። መንዝ ግን የእንጨት አገር አይደለምና ለብዙዎቹ የሚቻለው ደረቅ ገለባ ማንጠፍ ነው። ገለባው ለመኖ ስለሚፈለግ ባለቤቱ ይሳሳለታል፤ ከብት የማይበላውን፥ የሻገተ ያልኾነውን ትራፊ ለይቶ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ሹሙ ጉረኖ ሲጐበኝ በማለዳ፥ በሩ ገና ሳይከፈት ይድረስ። ገብቶም በንጣፉ ላይ ይንበርከክ፤ ጕልበቱ ከራሰ በጎቹም በእርጥበት ላይ አድረዋል።