ልጄ የከሳችው በወተት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ከሳ ማለት እያንዳንዱ ፎቅ የራሱን ምርመራ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ምድር ላይ ያሉት እማማ «ዓይን ነው» ይላሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ «ጥርስ ነው፣ ግጉን አስወጪላት» የሚል አይጠፋም። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ቪዲዮ ላከችልኝ፦ «ወተት አቁሙ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነቱን ታያላችሁ»። የቴሌግራም ቻናሉ ስንዴም ጨመረበት። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ምክሩ ሁሉ ከውሃ ጀሪካኑ ጋር ደረጃውን ወጥቶ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

የግጉን ነገር ቶሎ ልለፈው። ያልበቀለ የወተት ጥርስ ከድድ ፈልፍሎ ማውጣት ተቅማጥን አያድንም፤ የሚያመጣው መድማትና ኢንፌክሽን ነው። የወተቱ ምክር ግን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምክንያቱም የሆነ እውነት የሚመስል ነገር ነበረው። ልጄ ከጥር ጀምሮ ሆዷ ይነፋል፣ ሰገራዋ ይቀጥናል፣ ወተት ከጠጣች በኋላ ደግሞ ይብስባታል።

የካቲት ላይ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሚዛኑ 8 ኪሎ ከ700 ግራም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በዚህ ዕድሜ የሴት ልጅ አማካይ ክብደት 11 ኪሎ ተኩል ነው፤ ከ9 ኪሎ በታች የሆነች «ክብደቷ ከዕድሜዋ በታች ነው» ትባላለች። «ኧረ ዘራችሁ ቀጭን ነው፣ ደግሞ ሚዛኑ የፈረንጅ ልጅ ነው» ያለኝ ሰው ቁጥር የለውም። መለኪያው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ የተሠራው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከህንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተወሰዱ ልጆች ነው። በደንብ የሚበላና ጤነኛ የሆነ የጋና ሕፃንና የኖርዌይ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እድገታቸው በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ «ዘር ነው» ብዬ መተኛት አልቻልኩም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ቀድሞውኑ ከከሳች ልጅ ላይ ወተት ልቀንስባት? ወተትና እንቁላል ተነስተው እኛ ቤት ምን ይቀራል? ሽሮ። ሽሮ ክቡር ምግብ ነው፣ ብቻውን ግን ልጅ አያሳድግም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚለው በአገራችን ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ የሚያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ 21 በመቶው ክብደታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር። እዚህ አገር ልጅ ሲከሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያነሰ ምግብና የሚመላለስ ሕመም ነው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን የሠራችው ልጅ ይህን የምታውቅ አይመስለኝም፤ የምታወራው ፍሪጇ ሙሉ ለሆነ ሰው ነው።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ተረኛዋ ሲስተር ስለ ወተት ስነግራት አልሳቀችብኝም። መጀመሪያ የልጄን ክንድ በዚያች ባለ ቀለም ሜትር ለካች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። የልጄ 12.8 ነበር። እግሯንም ጫን ጫን አድርጋ እብጠት አለመኖሩን አየች፤ ሁለቱም እግር ካበጠ ቀጠሮ የማይጠበቅበት ከባድ የምግብ እጥረት ምልክት ነውና።

ከዚያ «የኔ እህት፣ ጡት ስታጠቢያት ሆዷ ይነፋ ነበር?» አለችኝ።

«በፍጹም። እስከ አንድ ዓመት ተኩል ጠብታለች።»

«እንግዲያው ከተፈጥሮዋ ላክቶስ አይስማማትም ማለት ይከብዳል። የእናት ጡት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው እኮ!»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ አንጀት ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ይፈጨዋል። ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ኢንዛይሙን ይዘው ይወለዳሉ፤ ብዙ ሰው ላይ እያደር ይቀንሳል፣ ምልክቱ ግን በሁለት ዓመት ልጅ ላይ እምብዛም አይታይም። «ሐበሻ ወተት አይስማማውም» የሚባለውም እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ላክቶስ የመፍጨት አቅማቸው የተለካ ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። አውሮፓ ውስጥ አዋቂ ሰው ወተት እንዲፈጭ የሚያደርገው የጂን ለውጥ አንድ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን በርካታ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አርብቶ አደር አገር መሆናችን ደማችን ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው።

ታዲያ የልጄ ሆድ ለምን ይነፋል? አንጀት በተቅማጥ ሲጎዳ ላክቴዝ የሚያመነጨው የላይኛው ሽፋን ይላጣል። ያኔ ወተት ለጊዜው አይስማማም፤ አንጀቱ ሲያገግም ግን ይመለሳል። ከምግብ አለርጂም ይለያል። አለርጂ ሲሆን ሰውነት ሽፍ ይላል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ልጅ ያስመልሳል፣ ትንፋሽም ሊያጥር ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

የሰገራ ምርመራው ውጤት፦ ጃርዲያ።

ሲነገረኝ እንደ መገላገል ተሰማኝ። ቱሉ ዲምቱን የምታውቁ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ጥር ላይ ከሳምንት በላይ ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ከየት እንደተቀዳ በማይታወቅ ጀሪካን ውሃ ነበር የኖረው። ጃርዲያ በተበከለ ውሃና ባልታጠበ እጅ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ምግብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል፣ ወተትንም ለጊዜው ጠላት ያደርገዋል። እኔ ወተቱን እከስሳለሁ፣ ጥፋተኛው ጀሪካኑ ውስጥ ነበር!

ሲስተር ሽሮፕ ሰጠችን። ወተትን በተመለከተ ያለችኝ «አትከልክያት፣ ለጊዜው በእርጎ ቀይሪው» ነበር። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ስለሚበሉት ለተጎዳ አንጀት ይቀላል። ስንዴንም እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ሴሊያክ የሚባለው የግሉተን ሕመም በእርግጥ ልጅ ያከሳል፣ ግሉተን ደግሞ ስንዴና ገብስ ውስጥ እንጂ ጤፍ ውስጥ የለም። ነገር ግን የደም ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ልጁ ስንዴ እየበላ ሳለ ነው። አስቀድሞ ያቋረጠ ሰው በሽታው ቢኖርበት እንኳ «የለብህም» ሊባል ይችላል። ይህቺን አንዷን ነገር ያ ቴሌግራም ቻናል ቢጽፋት ብዙ ሰው ይጠቅም ነበር።

ቀጥሎ ስለ አመጋገቧ ጠየቀችኝ፣ እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። የሕፃን ጨጓራ የሚይዘው በኪሎ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለልጄ አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ያንን ብርጭቆ ቀጭን አጥሚት ከሞላው የሞላው ውሃ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ላዩ ላይ ዘይት ወይም ቅቤ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ሲገኝ እሱም፤ በቀን ሦስት አራቴ፣ መሐል ላይ ደግሞ መክሰስ።

ወሩ ዐቢይ ጾም ነበር። ሕፃናት የመጾም ግዴታ እንደሌለባቸው ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ማዕድ ቤቱ ነው፤ ትልልቆቹ ሲጾሙ እንቁላል የሚጠበስበት መጥበሻ አይኖርም፣ «እቃ ይነካካል» ይባላል፣ ሕፃኗም ሳይፈረድባት አብራ ትጾማለች። አማቴ ለክረምትና ለበጋ የማይበገሩ ጿሚ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ዝም አሉ። በነጋታው ከአቃቂ ገበያ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ገዝተው መጡ፦ «ይሄ የልጂቱ ነው፣ ማንም እንዳይነካው»። ሁለት ወር ሙሉ እንቁላሏን የቀቀሉት እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ።

ግንቦት ላይ ሚዛኑ 9 ኪሎ ከ300 ግራም አለ። ለዕድሜዋ አሁንም ከመስመሩ በታች ናት፣ ግን መስመሩን ተከትላ ወደ ላይ ዞራለች። ሆዷ አይነፋም። ከሳምንት በፊት ከምግብ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ሰጠኋት፣ ምንም አልሆነችም፤ ብርጭቆውን ገልብጣ «ጨምሪ» አለችኝ። ሐምሌ ላይ ክብደቷ በሚገባው ልክ ካልጨመረ ሲስተር ለስንዴው የደም ምርመራና ለሳንባ ነቀርሳም ጭምር ወደ ሆስፒታል ልትጽፍልን ተስማምተናል። እስከዚያ ዳቦዋን ትበላለች።