የአበው በደልና የአማኝ ፍርድ

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ቅዱስ መጽሐፍ በሚነበብበት ስፍራ ሁሉ፣ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ የሚከብዳቸው ወጣቶች ግን ሳይፈሩ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ አብርሃም ሚስቱን እኅቴ ናት ብሎ ወደ ባዕድ ንጉሥ ቤት ስትገባ ዝም ካለ፣ ያዕቆብ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን አታልሎ በረከት ከወሰደ፣ ይሁዳ ምራቱን ጋለሞታ መስላው ከደረሰባት፣ ዳዊትም የታማኝ ወታደሩን ሚስት ወስዶ ባልዋን በጦር ግንባር ካስገደለ፣ አማኝ እነዚህን ሰዎች አበው ብሎ ሲያከብር በደላቸውን ምን ያድርገው የሚል ነው። ጥያቄው ዛሬ የተፈጠረ ባይሆንም ዛሬ አጥብቆ የሚነሣበት ምክንያት አለው፤ አንድ አገልጋይ በገንዘብ ወይም በዝሙት ወድቆ በተገኘ ቁጥር ከጉባኤው መካከል አንዱ «ዳዊትም እኮ ወድቋል» ማለቱ አይቀርምና፣ የጥንቱ ንጉሥ በደል ለዛሬው በደለኛ ጋሻ ሆኖ ያገለግላል።

በወለጋ ይህ ታሪክ በአገሬው ቋንቋ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰበት መንገድ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከመበለት እናታቸው ተነጥቀው፣ ከጌታ ወደ ጌታ ስምንት ጊዜ የተላለፉት፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ ያወጣቸው ልጅ፣ በእምኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው በ1872 በትንሣኤ በዓል ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና መልእክት የጻፈለት የባሪያው ስም ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ሲመልሱ በሥራው ከረዷቸው አንዷ፣ አስቴር ገኖ፣ እርሳቸውም ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የዳኑ ነበሩ። መጽሐፉ በግእዝ ፊደል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ፤ ተርጓሚዎቹም በ1904 ነቀምቴ ገብተው፣ የሌቃ ገዥ በነበሩት በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው በኩምሳ ሞረዳ፣ ጥላ ሥር ማስተማር ጀመሩ።

እንግዲህ ባሪያ ሆነው ተሸጠው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ የአማኞች ሁሉ አባት የተባለው አብርሃም ባሪያዪቱን አጋርን ከነልጅዋ፣ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ አሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሰደደበትን ምዕራፍ ለወለጋ ሰው በቋንቋው አደረሱለት ማለት ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው ገና እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው አዋጅ ስለ ሆነ፣ ያን ምዕራፍ በዚያ ዘመን ከሰሙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት የራሳቸውን ቤት ወይም የጎረቤታቸውን ቤት ነገር ነበረ። ኦሪት ዘፍጥረት በዚህ ስፍራ የሚያደርገውን ልብ እንበል፤ አብርሃምን ከአበውነቱ አይሽረውም፣ አጋርንም አይረሳትም፤ መልአኩ በምድረ በዳ የሚያገኘው እርስዋን ነው፣ በመጽሐፉም ውስጥ ለእግዚአብሔር ስም አውጥታ በመጀመሪያ የጠራችው ይህችው ባሪያ ናት። እኔ የአበውን በደል ስለ መመዘን የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ በደለኛውን ሲምር ተበዳዩን ከታሪኩ አያወጣውም፤ አማኝም ፍርዱን ከተበዳዩ ወገን መጀመር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በአገራችን የቆየው ትምህርት ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ ለአበው ክብር መቅናትም ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሊቃውንትን ማመካኛ ወደ መፈለግ መርቷል። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተጠበቀልን መጽሐፈ ኩፋሌ የዘፍጥረትን ታሪክ ሲደግም ብዙውን ነውር ይሸፍናል፤ አብርሃም በግብፅ ሚስቱን እኅቴ ናት ማለቱን ትቶ ሣራ በግድ ተወሰደችበት ይላል፤ ያዕቆብ በአባቱ ፊት ቆሞ በኩርህ ዔሳው ነኝ ማለቱን አስቀርቶ ልጅህ ነኝ ብቻ ያሰኘዋል፤ ስምዖንና ሌዊ የሴኬምን ሰዎች በተንኰል መግደላቸውንም ጽድቅ አድርጎ ይቈጥርላቸዋል። ስለ ሮቤል ግን ሌላ ምክንያት ያመጣል፤ ከአባቱ ዕቅብት ጋር በመተኛቱ ያልተቀጣው ሕጉ በዚያ ዘመን ለሁሉ ፈጽሞ ስላልተገለጠ ነው ይላል። ክብረ ነገሥትም የሰሎሞንን አራት መቶ ንግሥታትና ስድስት መቶ ዕቁባት ሲያነሣ፣ ነገሩ ከፍትወት ሳይሆን ለአብርሃም የተሰጠው ዘርን የማብዛት ተስፋ እንዲፈጸም ከማሰብ የመጣ መሆኑን ሊያስረዳ ይደክማል፤ ወዲያውም የቀደሙት ሰዎች በሥጋ ሕግ ይኖሩ እንደ ነበረ፣ ከክርስቶስ ወዲህ ያሉት ግን በአንዲት ሚስት እንዲወሰኑ መታዘዙን ይጨምራል።

ይህ የኋለኛው ነገር ሊናቅ የማይገባው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሚዛን ነው፤ ዘመኑን በሕገ ልቡና፣ በሕገ ኦሪትና በሕገ ወንጌል ከፍለው፣ እያንዳንዱ ሰው በተሰጠው ብርሃን መጠን ይጠየቃል ይላሉና። አውግስጢኖስም በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የማኒ ተከታይ የነበረው ፋውስጦስ ብሉይ ኪዳንን በአበው ነውር ምክንያት ለመጣል በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሚስት ማግባት ልማድ በነበረበት ዘመን ወንጀል አልነበረም ብሎ የመለሰለት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የሚያነሣውና የማያነሣው ሸክም አለ። ያዕቆብን በሁለት እኅትማማች ሚስቶቹ ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ዘመኑን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል፤ ዳዊት ላስገደለው ለኦርዮ ደም ግን ዘመን መልስ አይሆንም፤ አትግደልና አታመንዝር የሚለው ሕግ ከዳዊት በፊት በጽላት ተጽፎ ነበርና።

ከጎረቤቶቻችን እምነቶችም አንዳንዶቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች አብረውን የሚኖሩት ሙስሊሞች ነቢያት ከከባድ ኃጢአት የተጠበቁ መሆናቸውን ስለሚያምኑ፣ የዳዊትን ታሪክ ቍርኣን በሁለት ተሟጋቾች ምሳሌ ብቻ ጠቅሶት ሲያልፍ፣ በሳሙኤል መጽሐፍ ያለውን ትረካ አብዛኞቹ ሊቃውንቶቻቸው አይቀበሉትም፤ በአይሁድ ታልሙድም ዳዊት ኃጢአት ሠርቷል የሚል ተሳስቷል የሚል ቃል ይገኛል። ከቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ራሱ፣ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ዳዊት በቤርሳቤህና በባልዋ በኦርዮ ላይ ያደረገውን ዝም ብሎ አልፏል። ዝም ያላለው የሳሙኤል መጽሐፍ ግን ከነሙሉ ኀፍረቱ በቀኖናው ውስጥ አብሮ መቆየቱን ሳስብ፣ መጽሐፉን የጠበቁልን አባቶች ለንጉሣቸው ስም ከሚገባው ይልቅ ለእውነት አድልተዋል እላለሁ።

የአበው ሕይወት ምሳሌ ሆኖ ከተወሰደበት ጉዳይ ሁሉ በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ረጅም ክርክር ያስነሣው የብዙ ሚስት ነገር ነው። ባለጸጋ ሰው ሁለትና ሦስት ሚስት ማግባቱ በተለመደበት አገር ወንጌልን የተቀበለ አባወራ «አብርሃምና ያዕቆብስ?» ብሎ መጠየቁ የተገባ ነበር። ጥያቄው የሉተርን ትምህርት ለተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ይልቁንም የሚከብድ ነው፤ ሉተር ራሱና ሜላንክቶን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1539፣ የሄሰኑ መስፍን ፊልጶስ በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት ለማግባት ፈልጎ አበውን ምስክር አድርጎ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ነገሩ በምሥጢር እንዲያዝ አሳስበው ስለ ፈቀዱለት፣ ጋብቻው በ1540 ተፈጽሞ ወሬው ሲወጣ በተሐድሶው ላይ ትልቅ ነቀፋ ሆነ። የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳት በበኩላቸው በ1888 በላምቤት ጉባኤያቸው ብዙ ሚስት ያለው ሰው እንዳይጠመቅ ወስነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1988 ሚስቶቹን ሳያባርር ሌላ ላለመጨመር ቃል ገብቶ እንዲጠመቅ ፈቀዱ። ይህን ለውጥ እኔ መልካም እለዋለሁ፤ አንድን ሰው ለማጥመቅ ሲባል ሁለተኛይቱን ሚስት ከነልጆችዋ ከቤት ማስወጣት የአጋርን ስደት በወንጌል ስም መድገም ነውና። ዘፍጥረትም ብዙ ሚስትን ሲተርክ አያሞግስም፤ የልያን መጠላት፣ የራሔልን ቅናት፣ የወንድማማቾቹን ጥል በዝርዝር ጽፎ ለአንባቢ ትቶታል።

አሁን ወደ ዛሬው ነገር እንመለስ። ወድቆ የተገኘ አገልጋይ ሲጠየቅ ከሚቀርቡት መከላከያዎች ዋናው እግዚአብሔር የቀባውን ሰው መንካት አይገባም የሚለው ነው። ቃሉ በእኛ ቍጥር ከመዝሙር 104 የተወሰደ ነው፤ መዝሙሩን ግን ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ሰው የሚናገረው ስለ አበው መንከራተት፣ ነገሥታትም ስለ እነርሱ ስለ መገሠጻቸው መሆኑን ያገኛል። ይህም ወደ ፈርዖንና ወደ አቤሜሌክ ቤት ይመልሰናል፤ በዚያ ታሪክ እግዚአብሔር አብርሃምን ከጕዳት ጠበቀው፣ ነገር ግን ምን አደረግህብን ብሎ የገሠጸው የአሕዛብ ንጉሥ ነበረ፤ አብርሃምም ምክንያቱን ተናገረ እንጂ እኔ ነቢይ ነኝና አትጠይቀኝ አላለም። ዳዊትም ሳኦልን እግዚአብሔር የቀባው ነው ብሎ እጁን ሲከለክል የልብሱን ዘርፍ ይዞ በሠራዊቱ ፊት በደሉን በግልጥ ነግሮታል። አለመንካት አለመግደል ነው፤ ዝም ማለት ከሆነ ዳዊትን የገሠጸው ነቢዩ ናታን ራሱ ቃሉን አፍርሷል ማለት ይሆናል።

የናታንም ተግሣጽ እንዴት እንደ ተሰናዳ ማየት ያስፈልጋል። ነቢዩ ስለ ንጉሡ ነፍስ ከመናገሩ በፊት ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ ተናገረ፤ ዳዊትም በደሉን ያወቀው መጀመሪያ ለተበደለው ሰው ስለ ተቈጣ ነው። በአገራችን ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ሲደግም፣ ካህናትም ምእመናንም በየቀኑ በንስሐ የሚጸልዩት ኀምሳኛው መዝሙር ከዚህ ተግሣጽ በኋላ የተጸለየ መሆኑ በርእሱ ተጽፏል፤ ልበ አምላክ የተባለው ንጉሥ የንስሐ አስተማሪ የሆነው በደሉ ስለ ተሸፈነ አይደለም። ማቴዎስም የክርስቶስን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህን በስምዋ ሳይጠራ የኦርዮ ሚስት ብሏታል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ፣ ስሙ መጥፋት የነበረበት ያ ኬጢያዊ ወታደር በመሲሑ መዝገብ ውስጥ ቆሟል።

እዚህ ላይ ውድቀት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይደለ መናገር ግዴታ ይሆናል። በደርግ ዘመን የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ተወስደው ተገደሉ፤ ከዚያም በኋላ በወለጋ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። በእንዲህ ያለ ዘመን ከፍርሃት የተነሣ የሚክድ ሰው የሚመስለው ጴጥሮስን ነው፤ ጴጥሮስ በእሳቱ ዳር በሰይፍ ኃይል ተከብቦ፣ ለነፍሱ ሠግቶ ካደ፤ ጌታም ሦስት ጊዜ ጠይቆ መለሰው። ዳዊት ግን ማንም አላስፈራራውም፤ በሰገነቱ ላይ ሆኖ፣ መልእክተኛ የመላክና ሰው የማስገደል ሥልጣን ይዞ ነው የወደቀው። ደካማው በኀይለኛ ፊት ሲወድቅ የሚሰጠውን ርኅራኄ ኀይለኛው በደካማ ላይ ሲወድቅ እንደ መብት መጠየቁ ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም።

«ታዲያ ዳዊት ንስሐ ገብቶ በዙፋኑ ላይ አልቆየምን?» የሚል ሰው የሚናገረው እውነት ነው፤ ንጉሥነት ግን ክህነት አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካህን በዝሙት ቢወድቅ ነፍስ አባቱ ቀኖና ሰጥቶ ይቀበለዋል፣ ክህነቱ ግን ይፈርሳል፤ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ የማይነቀፍ፣ የአንዲት ሚስት ባል እንዲሆን አዝዟል። ይቅርታና ሹመት ሁለት ነገር ናቸው፤ አንዱን ለመስጠት ሌላውን መመለስ ግዴታ አይሆንም። በወንጌላውያን ጉባኤዎችም ይህ ልዩነት በግልጥ ቢያዝ ብዙ ጠብ ይቀር ነበር፤ አገልጋዩን የሚወዱ ምእመናን ሥልጣኑ ሲወሰድበት ምሕረት የተነፈገው እየመሰላቸው ይከፋፈላሉና።

የዳዊት ዙፋን ደግሞ ከንስሐው በኋላ ምን እንደ ሆነ በቀጣዩ ምዕራፍ ተጽፏል። ልጁ አምኖን እኅቱን ትዕማርን አስገድዶ ደፈራት፤ ንጉሡ ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፣ ነገር ግን በልጁ ላይ ምንም ፍርድ አላደረገም፤ ትዕማር በወንድምዋ በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች፤ አቤሴሎምም ሁለት ዓመት ቂሙን ይዞ ቆይቶ አምኖንን አስገደለው፣ በመጨረሻም በአባቱ ላይ ሠራዊት አስነሣ። በገዛ ኃጢአቱ ይቅር የተባለው ንጉሥ ለሌላዋ ተበዳይ መፍረድ አቃተው። የነቀምቴም ሆነ የደምቢ ዶሎ ሽማግሌዎች የወደቀ አገልጋይ ወደ መድረኩ ይመለስ አይመለስ ብለው በሚመክሩበት ቀን፣ የናታንን ምዕራፍ ሲያነቡ ይህንም ምዕራፍ አብረው ያንብቡት፤ የትዕማርን ቦታ የያዘችው ማን እንደ ሆነችና እስከዚያች ቀን ድረስ ማን እንደ ጠየቃት አስቀድመው ይመርምሩ።