ቆጠራና ነገራ

ኮልፌ ውስጥ ከአጠና ተራ ጀርባ፣ ቀን የባሕር ዛፍ ግንድ ሲወርድና ሲጫን በሚውልበት፣ ሲመሽ ግን ጸጥታ በሚሰፍንበት ሰፈር፣ እናቷ በጽኑ ታምማ ከአልጋ በዋለችበት ዓመት የቀን ትምህርቷን ትታ በርቀት ትምህርት የተመዘገበች አንዲት የዘመዴ ልጅ አለች። ይህች ወጣት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ለእናቷ መድኃኒቷን ከሰጠች፣ ከቢጫው ጀሪካን ውኃ ቀድታ ቡና ካፈላች በኋላ፣ ሽንኩርት በምትከትፍበት ጠረጴዛ ላይ የፊዚክስ መጽሐፏን ዘርግታ እስከ ቀትር ብቻዋን ስትቆፍር ትውላለች። ማታ ደግሞ ታክሲ ሲያሽከረክር የዋለው አጎቷ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስለ ሞመንተም ልንገርህ» ትለዋለች። እሱም በርጩማው ላይ ተቀምጦ በጽሞና ያዳምጣታል፤ ነገሩ የጠፋበት እንደ ሆነ «ቆይ፣ እሱ ጋ አልገባኝም፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» ይላታል። አንድ ምሽት እኔም ባለሁበት መጠነ ቁስና ፍጥነት ሲባዙ የሚሆነውን አስረድታው ስታበቃ፣ «ሰው ሞልቼ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ አልታዘዝ የሚለኝ ለዚህ ነዋ!» ብሎ ከተቀመጠበት ተነሣ።

ይህን ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ለብቻው ተቀምጦ፣ ከሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እንደ ደረጃው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽም በየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፤ መምህሩም ግሱ የተሳሳተበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመለትን እያረሙ ይመልሱታል። ቆጠራ ያለ ነገራ ቢሆን ተማሪው ስሕተቱን እንደ ዕውቀት ይዞ ባረጀ፣ ነገራም ያለ ቆጠራ ቢሆን የሰውን ቃል መልሶ ከማሰማት ባላለፈ ነበርና፣ ሊቃውንቱ ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ አጣምረው ማኖራቸው ታላቅ ጥበብ ነው።

ወደ ዛሬው የቤት ትምህርት ስንመለስ፣ በሌላው ዓለም፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እስከ 12ኛ ክፍል በቤታቸው አስተምረው ወደ ኮሌጅ የሚልኩበት ልማድ ሕግ የታወቀለትና የተስፋፋ ነው። በእኛ ሀገር ወላጅ ራሱ መምህር የሚሆንበት ቤት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በማታ ትምህርት፣ በርቀት ትምህርት፣ በግል ተፈታኝነት፣ አቅሙ ላለውም ቤት ለቤት በሚመጣ አስጠኚ፣ ከመደበኛው ክፍል ውጭ ሆኖ ለማትሪክ የሚዘጋጅ ወጣት በየሰፈሩ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተዘጉ ጊዜማ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ሲተላለፍ፣ የሀገሩ ቤት ሁሉ ሳይዘጋጅበት ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ወላጅ ልጁ የሚማረውን መጽሐፍ ገልጦ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን ትምህርት አለመሆኑን የፈተናው ውጤት በግልጽ አሳይቶናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለት ከመቶው 3.3 ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ግማሽ ካላመጡት አብዛኞቹ ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ልጆች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ለብዙዎቹ የጎደላቸው ነገራው ነው፤ የሰሙትን በራሳቸው አንደበት የሚመልሱበት፣ ሲሳሳቱም በፍቅር የሚታረሙበት ሰዓት አላገኙም። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ሆነው ለሚቀመጡ ልጆች መምህሩ ያን ሰዓት ከወዴት ያምጣው?

ስለዚህ ልጁ ከቤት የሚያጠና ወላጅ «እኔ ያልተማርሁ፣ ምን አውቄ?» ብሎ ሊሸሽ አይገባውም። ስድስቱ የፈተና ትምህርቶች፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ የችሎታ ፈተናው፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ሦስቱ፣ ከ600 የሚታሰቡ ናቸው፤ ወላጁ ግን የእነዚህ ሊቅ ሳይሆን የሰዓቱ ጠባቂና ታማኝ ሰሚ ይሁን። ላቦራቶሪውን፣ የባልንጀራ ክርክሩን፣ የመምህሩን እርማት ቤት ሊተካው አይችልምና፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የሚያጠናበትን ቦታ ፈልጎ ማገናኘት የግድ ነው።

ከክፍል ውጭ በመማማር ለሚገኘው ዕውቀት ምስክር የሚሆን ታላቅ ሰው በዚሁ በኮልፌ አልፏል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ትምህርት ተምረው ሀገራቸው እንደ ተመለሱ ተያዙ፤ በሮበን ደሴትም የኖራ ድንጋይ እየፈለጡ፣ እስረኛው ሁሉ ያወቀውን ላላወቀው እየነገረ ተማማሩ፤ የሕግ ዲግሪያቸውን በተልእኮ ትምህርት የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ገና እስረኛ ሳሉ ነበር።

ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው፤ በዚህም ከቀደሙት ተማሪዎች የምንማረው አለ። የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ሲወጣ ቅርብ ያለውን ደብር አይመርጥም፤ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ ቦታው የከበረው በተተከለበት ዕውቀትና ወንበሩን በያዙት መምህር ነውና። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ብዙዎቹ የተወለዱት ከአንድ ሙያ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ ሐረማያ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ፣ አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተቋቋመው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይመዘዛሉ። ዛሬ ሁሉም ብዙ ዘርፍ ቢያስተምሩም፣ አሮጌው ሥር ያለበት የትምህርት ክፍል ብዙ ጊዜ መምህራኑም፣ መጻሕፍቱም፣ የመስክ ልምዱም የበረታ ነው።

የእኛ ቤተሰብ ግን ምርጫውን የሚሞላው ከቤት በማይርቀው፣ ስሙ በገነነው ወይም ጎረቤት ባመሰገነው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እሱን የሚሻ ለዚያ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄድ ደግሞ ክፍያውን ከመጠየቁ በፊት፣ ሊማርበት ያሰበው ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታደሰ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጥ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናልና፣ ከዚያ ክፍል ከተፈተኑት ስንቱ እንዳለፉም ይጠይቅ። ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ብር ከፍሎ፣ ዲግሪው ዕውቅና የሌለው ሆኖ የተገኘበትን ወጣት አይቼ ልቤ ተሰብሯልና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ያቺ የአጠና ተራ ልጅ በሰፈሯ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ጀሪካን ተራ ይዛ ሌሊት ስትጠብቅ ያደገች ናት። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ከጠረጴዛው በላይ በግድግዳው ላይ በእርሳስ «አርባ ምንጭ» ብላ የጻፈችውን አየሁ። እናቷ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችው፤ እሱም «አምስት መቶ ቢጠጋ ነው» አላት። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ እናቲቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ፣ «እስቲ ወዲህ ቅረቢና ንገሪኝ፣ ልጄ፤ ስለ ውኃ የሚማሩት ምን ምኑን ነው?» አለቻት፤ ልጅቱም በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠግታ ጀመረች።