የጾም ወጥና የገበሬው ጎተራ

ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲያልፍ በደጋውም በወይና ደጋውም የሚሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። ገበሬው ለክረምቱ እርሻ መሬቱን መገልበጥ ሲጀምር ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁትም «ጾም ነው» ይላል። በከተማ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የሚውለውም ሰው እንዲሁ ይላል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መቆየት በእርግጥ ያደክማል። ሥጋና ቅቤ በመቅረታቸው ብቻ ግን ሰው አይደክምም። የሚያደክመው ሥጋው ከማዕድ ሲነሣ በቦታው መግባት የሚገባው ጥራጥሬ ሳይገባ ሲቀር፥ ወይም በስም ብቻ ሲገባ ነው።

ነገሩ የጥቂት ሳምንት ጉዳይ አይደለም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት የሚጾመው የነቢያት ጾም፥ የፍልሰታ 15 ቀን፥ ረቡዕና ዓርብም ሲደመሩ ጾሙን ሁሉ የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋ፥ ያለ ወተትና ያለ ዕንቁላል ያሳልፋል። እንግዲህ የጾም ወጥ የአገሩ ዋና ምግብ እንጂ የትርፍ ጊዜ ምግብ አይደለም። ጾም የማይጾመውም ጎረቤት ቢሆን ሥጋ የሚያገኘው በበዓል ቀን ብቻ ከሆነ የዘወትር ገበታው ያው እንጀራና ሽሮ ነው።

ሰውነት ጡንቻንና ደምን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ፕሮቲን ይባላል። ፕሮቲን ራሱ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተገጠመ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እንኳ ቢያንስ የቀሩት በሙሉ ኀይላቸው ሊሠሩ አይችሉም። ላይሲን የተባለው ክፍል በስንዴ፥ በገብስ፥ በበቆሎና በማሽላ ጥቂት ነው፤ ጤፍ በመጠኑ ይሻላል። በባቄላ፥ በአተር፥ በምስርና በሽምብራ ግን ሞልቶ ይገኛል። ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን የሚባለው ይጎድለዋል፥ ይህንንም ከእህሉ ያገኛል። ስለዚህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ እንደ ሁለት በሬ ጥማድ ነው። በብዛትም ረገድ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ወደ 20 ግራም፥ ምስርና ባቄላ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አላቸው፤ ጤፍ ከ10 እስከ 12 ግራም ያህል ነው። 100 ግራም ቀይ ሥጋ ከሽምብራው ብዙ አይበልጥም። እርግጥ ምስሩ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ በጭልፋ ሲለካ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ወጡን ማወፈር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የአገራችን እናቶች የአሚኖ አሲድን ስም ሳይሰሙ ሲሠሩበት ኖረዋል። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን ምስክር ነው፤ ባቄላው ተዘፍዝፎ፥ ተልጦና ተከክቶ ከስንዴ ጋር ይቀቀላል፥ እህልና ጥራጥሬም በአንድ ድስት ይገናኛሉ። ገብስና ሽምብራ ተደባልቆ የሚቆላው ቆሎም የዚሁ ወንድም ነው። ስልጆን የሚያውቅ ቤት በየጊዜው እያነሰ መሄዱ የሚያሳዝን ነው። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ይበሰላል፥ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፥ ከዚያም ተከድኖ ለጥቂት ቀናት እንዲኮመጥጥ ይተዋል። በትንሽ ሳሕን ከእንጀራው ጎን ቢቀመጥ የአንድ ሙሉ ወጥ ያህል ያጠግባል። አዚፋም እንዲሁ ነው፤ ድፍኑ ምስር ተቀቅሎ፥ ቀዝቅዞ፥ በሽንኩርት፥ በቃሪያ፥ በሰናፍጭና በሎሚ ይለወሳል። የሎሚው ነገር እንደ ማጣፈጫ ብቻ ሊታይ አይገባውም፤ በሎሚና በጥሬ ቃሪያ ያለው ቪታሚን ሲ በምስሩና በእንጀራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። የሽምብራ ዓሣ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ የሚሠራ ነው፥ ዱቄቱ በቅመም ተለውሶ በዓሣ መልክ ይቀረጽና ተጠብሶ በወጥ ውስጥ ይገባል። ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ቢሆንም ከሥጋ ወጥ የሚያንስ ክብር የለውም። ዛሬ በውጭ አገር ከተሞች በአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ የባዕድ አገር ሰዎች የጾም በያይነቱ እያዘዙ ሲመገቡ ይታያል፤ እኛ የድካም ምግብ የምንለውን እነርሱ ከፍለው ይበሉታል።

ስለ ብረት ከተነሣ፥ ጤፍ ብረት የሞላበት እህል ነው ሲባል ይሰማል። ጤፍ በእርግጥ ብረት አለው፤ ነገር ግን በአውድማ በከብት ሲበራይ ከአፈሩ የሚቀላቀልበት ብረት ስለሚኖር በምርመራ የሚገኘው ቍጥር ሁሉ የእህሉ አይደለም፥ የአፈሩንም ብረት ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን መቦካቱ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ምግብ እንደ ተበላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይ በአንጻሩ ብረቱን ያግዳል። ቡናን ማስቀረት ከማንም አይጠበቅም፤ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይበቃል።

ጎመን በብዙ ቤት እስኪገረጣ ይቀቀልና ውኃው ይደፋል። ከውኃው ጋር ብዙ ቪታሚን ይደፋል። በጥቂት ውኃ፥ ለአጭር ጊዜ፥ በዘይት ቢበስል ይሻላል፤ ለዓይን የሚጠቅመው የቪታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት በሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባምና። ለቅባቱም ኑግ፥ ሱፍና ተልባ በማሳ አሉ። እንሰት በሚበላበት አገር ደግሞ ቆጮ ኀይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ ባቄላና ጎመን ከእርሱ ጎን መጥፋት የለባቸውም።

ታዲያ ሁሉ ነገር በአገር ሳለ ሽሮው በመጋቢትና በሚያዝያ ለምን ይቀጥናል? መልሱ በጎተራው ነው። ሽምብራ ክረምቱ ሲያበቃ በጥቁር አፈር ላይ ይዘራል፥ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል፥ በጥርና በየካቲትም ይሰበሰባል፤ ልክ ጾሙ ሊገባ ሲል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ ሊገኝ አይችልም። ነገር ግን ገበሬው ሽምብራውን ከአውድማ በቀጥታ በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ይወስደዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ጾሙ ሲጋመስ ሚስቱ ያንኑ ሽምብራ ጨምራ ከፍላ በጣሳ ትገዛለች፤ ገንዘቡ ሲያንስም ሽሮው ውኃ ይሆናል።

ገበሬውን ስንፍና አላሸጠውም። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ ስለማይገባበት በጎተራ ዓመታት ይቆያል። ሽምብራን ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ ዕንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ይለጥፋል፥ ትሉ ፍሬውን ሰርስሮ ይገባል፥ በመጨረሻም ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። በጥቂት ወራት ከኩንታሉ የሚቀረው ቅርፊትና ብናኝ ነው። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ያኖራል፥ የሚበላሸውን ይሸጣል። በእርሱ ቦታ የቆመ ሁሉ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

የከፋው ነገር የሚመጣው ሽምብራውና ባቄላው አልቆ በማሳው ጓያ ብቻ ሲቀር ነው። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም የሚችል፥ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚገኝ ጥራጥሬ ነው። በውስጡ ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ፤ ለሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፥ የተጎዳውም እግር አይድንም። ከሁሉ ይበልጥ የሚመታው ወጣት ወንዶችን፥ ማለትም ለእርሻ የሚፈለገውን ጉልበት ነው። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከድርቁ በኋላ በወሎ በደላንታና በዳውንት ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። በዚያ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው አደጋው የበረታው ጓያውን እሸቱን፥ ቆልተውና ቀቅለው በበሉት ላይ ነው፤ በቦካ እንጀራ ወይም በቅመምና በሽንኩርት በተሠራ ወጥ የበሉት በዚያ መጠን አልተጎዱም። ሌላ ያጣ ቤት ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውኃ ይዘፍዝፈው፥ ውኃውን ይድፋው፥ ደግሞም ይጠበው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት እጅ ሌላ እህል ይቀላቅልበት። ይህ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የጓያ ንፍሮና ቆሎ ለእረኛ ልጅ ስንቅ ሆኖ ከቤት መውጣት የለበትም።

ስለ ልጆች ከተነገረ፥ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንደ ልማዱ ጾም የለበትም። ሆኖም በብዙ ቤት ጾም በገባ ጊዜ ሕፃኑም ወተትና ዕንቁላል ያጣል። እናቲቱ ልጄ ይጹም ብላ አይደለም፤ ድስቱና ማንኪያው ቅቤ ነክቶት የቤተ ሰቡን ጾም እንዳያስገድፍ ስለምትፈራ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፥ ጽዋና ማንኪያ ለብቻ ማኖር ነው። ዋጋው ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ስለ ራሷ ከነፍስ አባቷ ጋር ብትነጋገር መልካም ነው። ጾመኛ በፋሲካ ወደ ወተትና ሥጋ ስለሚመለስ ቪታሚን ቢ12 ከሰውነቱ አያልቅም፤ ዕድሜውን ሁሉ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የተወ ሰው ግን ይህን ቪታሚን ከመድኃኒት ቤት መፈለግ አለበት።

ወደ ጎተራው ሲመለሱ፥ ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ቢመደብ፥ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለዐቢይ ጾም 55 ቀን 20 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ለዓመቱ 180 የጾም ቀን ቢታሰብ 65 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል አይሞላም። ይህ መጠን አህያው ሳይጫን ገና በአውድማው ላይ ሊለይ ይገባዋል። ፍሬው በፀሓይ በደንብ ይድረቅ፤ በጥርስ ሲነከስ ጭው ብሎ ይሰበር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ ተደርጎ ፍሬው ሁሉ እስኪወዛ ይታሽ፤ ዘይቱ የነቀዙን ዕንቁላል ያፍነዋል፥ ለመብልም ጉዳት የለውም። በየገበያው የሚሸጠውን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያገኘ ሰው ዘይቱም አያስፈልገውም፤ አፉን አጥብቆ አስሮ፥ አይጥ በማይደርስበት ቆጥ ላይ ያኑረው፥ እስኪፈለግም ድረስ አይፍታው።