ያውቁ ኖሯል? ባሂያን ያሠራው ንጉሥ አይደለም

ሞሮኮ ውስጥ፣ ማራካሽ ከተማ የሚገኘውን የባሂያ ቤተ መንግሥት በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስጀመረው የሱልጣኑ ታላቅ ቪዚር ሲ ሙሳ ነው። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው የቤተ መንግሥት ባሪያ ከነበሩ ሰዎች ነው። ልጁ ባ አሕመድ ደግሞ ከ1894 ጀምሮ በለጋው ሱልጣን አብዱልአዚዝ ስም አገር እየገዛ ግቢውን አሰፋው፤ ያሰፋውም የጎረቤቶቹን ቤትና ይዞታ በየጊዜው እየገዛ ነው።

ለዚህም ነው ባሂያ ወጥ ፕላን የሌለው። ከውጭ ሲያዩት ልሙጥ ግንብ ነው። ገብተው በጠመዝማዛው መተላለፊያ ሲሄዱ ግን ድንገት የፍራፍሬ ዛፍ የሞላበት የውስጥ ግቢ ይከፈትልዎታል። ትልቁ የውስጥ ግቢ በጣሊያን እብነ በረድ ተነጥፏል፤ ጣሪያዎቹ በቀለም ያጌጠ የአትላስ ተራራ እንጨት ናቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዘሊጁ፣ ማለትም ከሸክላ ቁርጥራጭ የሚገጣጠመው ጌጥ ነው። ባለሙያው የሚያብረቀርቅ ቀለም ተቀብቶ የተተኮሰውን ሸክላ በመዶሻ እየጠረበ ኮከብና ባለ ብዙ ማዕዘን ቁርጥራጭ ያወጣል። ከዚያ ቀለማቸውን ወደ ታች ደፍቶ ጎን ለጎን ይገጥማቸዋል፤ ማያያዣው ከጀርባ ይፈስባቸዋል። ንድፉ ያለው በጭንቅላቱ ነው፤ እስኪገለበጥ አያየውም!

ባ አሕመድ በ1900 ሲሞት ሱልጣኑ ሀብቱን ወረሰው፤ ቤቱም ተራቆተ። ሞሮኮ በ1912 በፈረንሳይ ሥር ከወደቀች በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ ጠቅላይ እንደራሴ ሊዮቴ ገባበት።