የጋያርታዋ ወይዘሮ ዶሎሬስ ኢባሩሪ

በስፔን ሰሜን፣ ከቢልባኦ ከተማ ብዙም ሳትርቅ፣ ጋያርታ የተባለች የብረት ማዕድን መንደር ነበረች፤ ነበረች ማለታችንም ማዕድን ማውጫው እየሰፋ ሲሄድ አሮጌዋ መንደር ከነቤቶቿ ፈርሳ በቦታዋ ግዙፍ ጉድጓድ ስለ ቀረ ነው። የባስክ ተወላጅዋ የኮሚኒስት መሪ ዶሎሬስ ኢባሩሪ በዚህች መንደር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) ዲሴምበር 9 ቀን 1895 ዓ.ም. ከማዕድን ቆፋሪ አባት ተወለዱ። ከአሥራ አንድ ልጆች ስምንተኛዋ ነበሩና፣ መምህርት የመሆን ምኞታቸው በድህነት ምክንያት ተቋርጦ መጀመሪያ ልብስ ሰፊ፣ ኋላም በሰው ቤት አገልጋይ ሆኑ፤ ገና በወጣትነታቸውም ኹልያን ሩይስ የተባለውን ሶሻሊስት የማዕድን ሠራተኛ አገቡ።

ስለ እኚህ ሴት ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የልጆቻቸውን መቃብር ነው ብዬ አምናለሁ። ከወለዷቸው ስድስት ልጆች አራቱ ሴቶች በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ በ1923 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ከተወለዱት ሦስት እኅትማማች ለአካለ መጠን የደረሰችው አማያ ብቻ ናት። ከቤቱ ድህነት የተነሣ፣ ከሞቱት ለአንዲቱ የሬሳ ሣጥን መግዣ ታጥቶ፣ ፍራፍሬ ከሚታሸግበት ሣጥን ሳንቃ ትንሽ ማረፊያ ተበጀላት። ወይዘሮ ዶሎሬስ በሕይወት ታሪካቸው እንደ ተረኩት፣ ለባላቸው ምሳ ይዘው ወደ ማዕድኑ በሄዱ ቁጥር መንገዱ የሚያልፈው ልጆቻቸው በተቀበሩበት መካነ መቃብር በኩል ነበር። በኋላ በየአደባባዩ ጥቁር ለብሰው በቆሙ ጊዜ፣ ልጅ የቀበሩ የስፔን እናቶች ሁሉ እንደ ራሳቸው ቤት ሰው ያዩአቸው ስለዚህ ይመስለኛል፤ የተናገሩትን ኀዘን ከመጽሐፍ አልተማሩትምና።

በልጅነታቸው አጥባቂ ካቶሊካዊት ስለ ነበሩ፣ በ1918 ዓ.ም. በማዕድን ሠራተኞች ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ ሲያወጡ፣ ወቅቱ ሰሙነ ሕማማት በመሆኑ፣ «ላ ፓሲዮናርያ» (የሕማማት አበባ) በሚል የብዕር ስም ፈረሙ፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። ከዚያ ወዲያ ወደ ኮሚኒስት ፓርቲ ገቡ፣ በ1931 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተሻግረው በፓርቲው ጋዜጣ ሠሩ፣ ብዙ ጊዜም ታሰሩ። እስሩ ስለ በዛባቸው በ1935 ዓ.ም. የቀሩላቸውን ሁለት ልጆች፣ ሩቤንንና አማያን፣ ወደ ሞስኮ ሰደዱ። በፌብሩዋሪ 1936 ዓ.ም. የአስቱርያስ ሕዝብ እንደራሴ አድርጎ መረጣቸው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የጦር አለቆች በሪፐብሊኩ ላይ ሲያምፁ፣ ወይዘሮ ዶሎሬስ በማግሥቱ ከማድሪድ በሬዲዮ ተናገሩ፤ «አያልፉም» የሚለው ቃላቸውም ኋላ የተከበበችው የማድሪድ መፈክር ሆነ። ጦር አዛዥ አልነበሩም፣ የሚኒስትርነት ወንበርም አልነበራቸውም፤ መሣሪያቸው አንደበታቸው ነበር። በትውልድ አገራቸው በባስክ ምድር ደግሞ ነገሩ በሌላው ስፔን ከሆነው ይለያል፤ በዚያ ካቶሊካውያኑ የባስክ ብሔርተኞች ከሪፐብሊኩ ጋር ቆመው፣ በአጊሬ የሚመራው መንግሥታቸው ኮሚኒስቱን ኹዋን አስቲጋራቢያን በሚኒስትርነት አስቀምጦ ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ዓ.ም. የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን አቃጠሉ፤ በጁን 19 ቀንም ቢልባኦ ወደቀች።

እነዚያ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የማን እንደ ነበሩ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይጠይቅም። አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ከወደቀች ሦስት ወር ሳይሞላ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ስፔን ማዝመት ጀመረ፤ በማርች 1937 ዓ.ም. ግን ያ ጦር በጓዳላኻራ ድል ሆነ። በዚያ ውጊያ የጋሪባልዲ ሻለቃን ከመሩት አንዱ የሆነው ኢጣሊያዊው ኮሚኒስት ኢልዮ ባሮንቲኒ፣ ከስፔን ወጥቶ ወደ አገራችን በመምጣት ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፏል፤ ይህ ውለታ በአገራችን ከሚነገርለት በላይ ሊነገርለት ይገባል።

በ1938 ዓ.ም. ለሪፐብሊኩ ሊዋጉ ከሃምሳ በላይ አገሮች የመጡት ወዶ ዘማቾች ሲሰናበቱ፣ በባርሴሎና ያመሰገኗቸው ወይዘሮ ዶሎሬስ ነበሩ። በማርች 1939 ዓ.ም. ሪፐብሊኩ ሊወድቅ ሲል ግን እርሳቸውም በትንሽ አውሮፕላን ወደ አልጄሪያ ኦራን ተሻግረው፣ በፈረንሳይ በኩል ሞስኮ ገቡ፤ መዋዕለ ስደታቸውም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነ። በ1942 ዓ.ም. በሶቪየት ጦር መኮንን የነበረው ሩቤን ስታሊንግራድ ላይ ወደቀ። አምስተኛ ልጃቸውን ያጡት እናት በዚያው ዓመት፣ ዋና ጸሐፊው ሆሴ ዲያስ ስለ ሞቱ፣ የፓርቲውን አመራር ተረከቡ።

ከዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ስታሊን የራሱን ጓዶች በሚያስገድልበት ዘመን ወይዘሮ ዶሎሬስ አመሰገኑት እንጂ አልተቃወሙትም፤ በስፔንም ፓርቲያቸው ከሌሎች ግራ ዘመሞች ጋር በተጣላ ጊዜ የእርሳቸው ቃል ከማንም ያነሰ የመረረ አልነበረም። ለድሀ ያን ያህል የተናገረ አንደበት ለእነዚያ ንጹሓን ዝም ማለቱ እጅግ ያሳዝነኛል። ዘግይቶም ቢሆን፣ በ1968 ዓ.ም. የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ሲገቡ ፓርቲያቸው ድርጊቱን አወገዘ፤ እርሳቸውም ከፓርቲያቸው ጋር ቆሙ፤ በሞስኮ ተቀምጦ ሞስኮን መንቀፍ ቀላል አልነበረም።

በስደቱ ዘመን ድምፃቸውን ለአገራቸው ያደረሰው ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያሰራጭ የነበረው ነጻ የስፔን ሬዲዮ ነው። አድማጮቹ ከፒሬኔ ተራራ የሚተላለፍ መስሏቸው «ፒሬናይካ» ቢሉትም፣ በእርግጥ የሚናገረው መጀመሪያ ከሶቪየት ምድር፣ ኋላም ከቡካሬስት ነበር፤ ጦርነቱን ባሸነፈው በአምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ አገርም ሬዲዮውን መስማት ያሳስር ስለ ነበር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳምጠው ነበር።

ፍራንኮ በ1975 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፣ ኮሚኒስት ፓርቲው በ1977 ዓ.ም. ልክ በቀዳም ሥዑር ቀን ሕጋዊ ሆነ፤ በሜይ 13 ቀንም ወይዘሮ ዶሎሬስ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማድሪድ ገቡ። በሚቀጥለው ወር በተደረገው ምርጫ አስቱርያስ፣ ያው የ1936ቱ አስቱርያስ፣ እንደገና መረጣቸው። ምክር ቤቱ በሐምሌ ሲከፈት ከአረጋውያኑ እንደራሴዎች አንዷ በመሆናቸው፣ ከባለቅኔው ከራፋኤል አልቤርቲ ጋር በጊዜያዊው የምክትል ሊቀ መንበርነት ስፍራ ተቀመጡ፤ ከፊታቸው ካሉት ወንበሮች በአንዳንዶቹ ላይ የፍራንኮ የቀድሞ ሚኒስትሮች ተቀምጠው ነበር።